ድብቅ ሙከራ እንዲህ በቀላሉ አይደበቅም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ከመሬት በታች የሚደረግ ትንሽ የኑክሌር ሙከራን ማንም ሊያውቅ አይችልም» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ሰሜን ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 የመጀመሪያ ሙከራዋን ስታደርግ የፍንዳታው ጉልበት ከአንድ ኪሎቶን (ከአንድ ሺህ ቶን ቲኤንቲ ፈንጂ ጉልበት) በታች ነበር። ያም ሆኖ የኑክሌር ሙከራን ከሚከታተለው ዓለም አቀፍ መረብ ከ20 በላይ ጣቢያዎች ንዝረቱን መዝግበውታል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ ካናዳ፣ የሎውናይፍ ያለው ጣቢያ በኑክሌር ፍንዳታ የሚፈጠረውን፣ ጨረር አመንጪ ዜነን የተባለውን ጋዝ ርዝራዥ ከአየር ላይ አገኘ። ጋዙ ከተራራ ሥር ሾልኮ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ማለት ነው!

ፍንዳታና የመሬት መንቀጥቀጥ አሻራቸው ይለያያል። ፍንዳታ በዙሪያው ያለውን አለት በአንዴ ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ቀድሞ የሚደርሰው ሞገድ ይበረታል፤ በምድር ገጽ ላይ የሚጓዘው ግን ደከም ይላል። በመንቀጥቀጥ ጊዜ አለት በአለት ላይ ስለሚንሸራተት የገጽ ሞገዱ ይጎላል። አዲስ አበባ አጠገብ ያለው የፉሪ ጣቢያችንም የዚሁ ዓለም አቀፍ መረብ አካል ነው።

እርግጥ ክፍተት አለ። አሜሪካ በ1966 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ በጨው አለት ውስጥ ባለ ትልቅ ባዶ ዋሻ ቦምብ አፈንድታ ንዝረቱ እጅግ ቀንሶ ታይቷል። እንዲህ ያለውን ለማጣራት ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ መፈተሽ አለበት። ይህ የሚፈቀደው ግን የ1996ቱ የሙከራ እገዳ ስምምነት ሥራ ላይ ሲውል ብቻ ነው። አሜሪካና ቻይና ፈርመው አላጸደቁም፤ ሩሲያም በ2023 ማጽደቋን ሰርዛለች። ጸሐፊው ሳይንሱን ከሚወቅስ እነዚህን መንግሥታት ይጠይቅልን።