ሜትር የማያወጣ ምርመራ

አቦ ሰለቸን! ድሬ ላይ ወፈርክ፣ ከሳህ የማይልህ ሰው የለም። ከዚራ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ኪሎህን ነግሮህ ብሩን ይቀበላል። በቃ፣ ሥራው ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው እንደዚያ ልጅ ሲሠራ ግን ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ ከፊራ ገበያ ጫኝና አውራጅ ነው። በዚያ ሐሩር ኩንታል ሲሸከም ይውላል። ጨጓራው አስቸግሮት ክሊኒክ ሄደ። ቁመት 1.70 ሜትር፣ ክብደት 80 ኪሎ። ኪሎውን ለቁመቱ ሁለቴ አካፈሉና (ቢኤምአይ የሚሉት የክብደትና የቁመት ስሌት ነው) "ቢኤምአይህ 27.7 ነው፤ ከ25 አልፏል፤ ወፍረሃል፣ ምግብ ቀንስ" አሉት። ቀና ብሎ ትከሻውን ያየ የለም። ሥራህ ምንድን ነው ያለው የለም። ይኸው ምሳ መብላት ትቷል። በዚያ ጨጓራው!

አጎቴም እዚያው ታይተው ነበር። 1.72 ሜትር፣ 68 ኪሎ፤ 23 መጣ። ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ ስለሚባል በሰላም ተሸኙ። እጅና እግራቸው ቀጭን ነው። ሆዳቸው ግን ሸሚዙን ወጥሮት ቁልፉ አልገጥም ብሏል። ከሰዓት በኋላ ከበርጫ አይነሱም። ቤት ውስጥ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገባቸውን ብለካው 98 ሴንቲ ሜትር! ወገብ የቁመትን ግማሽ ካለፈ ያሰጋል። የእሳቸው ግማሽ ደግሞ 86 ነው።

ስሌቱ እኮ ጡንቻና ስብ አይለይም። ስቡ የት እንደተከማቸም አያሳይም። ለስኳርና ለልብ ሕመም ይበልጥ የሚያጋልጠው ደግሞ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው ነው። ቀመሩን በፈረንጆቹ 1830ዎቹ ያወጣው ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ ሐኪም አልነበረም፤ የሒሳብና የከዋክብት ሰው ነበር። የሚያጠናውም የብዙ ሰዎችን አማካይ እንጂ አንድ ታማሚን አልነበረም። ቢኤምአይ የሚለው ስም ራሱ የመጣው በፈረንጆቹ 1972 ነው።

ይጣል አላልኩም። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ማን ጠለቅ ብሎ መታየት እንዳለበት ይጠቁማል። ታዲያ ጠለቅ ብላችሁ እዩና! ወገብ ለኩ። ግፊትና ስኳር እዩ። ሰውየው ምን እንደሚበላ፣ በምን ሥራ እንደሚተዳደር ጠይቁ። ለሕፃናትማ ይሄ የአዋቂ ቁጥር ጭራሽ አይሆንም፤ የእነሱ በዕድሜና በፆታ ነው የሚታየው።

አሁን አጎቴን "እባክዎ ስኳርዎን ይመርመሩ" ስላቸው "ጤነኛ ነዎት ተብያለሁ እኮ ልጄ" ይሉኛል። ማን ያሳምንልኝ?