ሰኔ ሲመጣ ብቻ ለምትጠሩን

ወገኖቼ፣ የሀዋሳ ሰዎች፣ ዛሬ የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ኑሮዬ ሂሳብ መመርመር፣ ስለ ግዥና ስለ ዕቅድ ማማከር ነው። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት፤ ከአቶቴ እስከ መናኸሪያ ሻይ ያልጠጣሁበት ቢሮ የለም ማለት ይቻላል። የምናገረው ያየሁትን ነው።

ዓመቱን ሙሉ ዝም ትሉና ሰኔ ሲገባ ስልኬ ይጮኻል። «ወንድሜ፣ ሰኔ 30 እንዘጋለን፤ ባንክ ብድር ሊሰጠን ስለሆነ የኦዲት ሪፖርቱ ሐምሌ ላይ ይድረስልን።» ሌላው ደግሞ፣ «ለለጋሾች የምንልከው ነው፣ ነቀፌታ የሌለበት ይሁንልን» ይላል። መዝገቡን ገና ሳልከፍተው ውጤቱን ይነግረኛል! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያላችሁ ያደጋችሁ ሰዎች አይደላችሁም እንዴ? ድርጅታችሁ ጋ ሲደርስ ምን ነካችሁ? አሞራ ገደል ዓሣ ስትገዙ አገላብጣችሁ አይታችሁ፣ ተከራክራችሁ ነው። የብዙ ሰው ገንዘብ ላይ ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትፈርማላችሁ።

በቀደም የአንድ ድርጅት የግዥ ሰነድ እያየሁ ነበር። የተገዛው ፕሪንተር ነው። ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የነጋዴ ዋጋ ማቅረቢያ፣ ተያይዟል፤ እንደ ወረቀቱ ከሆነ ሁሉም ተሟልቷል። ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። የሱቁ ስም ሦስት፣ ማህተሙም ሦስት ነው። የእጅ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። የፕሪንተሩን ቀለም፣ «ቶነር» የሚለውን፣ ሦስቱም «ቶንር» ብለው ጽፈውታል። ያላሸነፉት ሁለቱ ዋጋቸው ካሸነፈው ልክ አምስት መቶ፣ አምስት መቶ ብር ይበልጣል። ግዥ ሠራተኛውን ጠራሁት። አልዋሸኝም። «ጋሼ፣ ባለሱቁ ራሱ ነው ሦስቱንም የሚያመጣልን። ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚሠራው» አለኝ።

ሁሉም ሰው! እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ፕሮፎርማ ሦስት እንዲሆን የተባለው ፋይል ለማወፈር አይደለም። ሦስት ነጋዴ ሳይመካከር ዋጋውን እንዲሰጥ ነው። አንዱ ሦስቱንም ካመጣው ዋጋውን የቆረጠው እሱ ነው፤ የእናንተ ድርሻ መፈረም ብቻ ሆኗል። ጨረታ እንዳይወጣበት ብላችሁ አንዱን ግዥ አራት ቦታ የምትከፋፍሉም እንደዚያው። በጀት እንዳይመለስ ብላችሁ ሰኔ ላይ የማያስፈልጋችሁን ወንበር የምትገዙም እንደዚያው። ርካሽ ነው ብላችሁ የገዛችሁት ፕሪንተር ቀለሙ በዓመት ስንት እንደሚፈጅ የጠየቀ አለ? የግዥ ሥራ የሚጀምረው ዓመቱ ሲገባ ነው። ምን ያስፈልገናል፣ መቼ፣ በስንት ብር ተብሎ ይጻፍ። ጠያቂው፣ ገዢው፣ ተረካቢውና ከፋዩ የተለያየ ሰው ይሁን። ሰው ካጠራችሁ ቢያንስ የገዛው ሰው ራሱ አይረከብ።

«እኛ እኮ እንተማመናለን» ትሉኛላችሁ። ዕድር ላይ ደግሞ ይሄ ይብሳል። ገንዘብ ያዡ ሃያ ዓመት ይዘውታል፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ ደብተር አምጡ ማለት ነውር ነው። እሺ፣ ነገ ቢታመሙ ያንን ደብተር ማን ያነበዋል? ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ድንኳኑ የት ነው ያለው? ሰውየው ታማኝ ከሆኑ ንጹሕነታቸውን የሚመሰክርላቸው ወረቀት ይገባቸዋል። ሂሳባቸው አንድ ቀን ሳይታይ የኖሩ ሰው ላይ ሐሜት ሲነሳ በምን ይከላከላሉ? ሳትጠይቋቸው የቀራችሁት እሳቸውን አክብራችሁ ይመስላችኋል። እኔ ግን ሜዳ ላይ እንደተዋችኋቸው ነው የምቆጥረው።

ይህን የምለው የአንዲት ልጅ ፊት ስለማይጠፋኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ድርጅት ንብረት ልንቆጥር ሄድን። ሰኔ 30 ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል። ኃላፊው «ዝርዝሩ ተዘጋጅቷል፤ ፈርሙና ምሳ እንብላ» አሉን። ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ከፊት ያሉትን ሁለቱን ከፈትን፤ ሙሉ ናቸው። ፈረምኩ። በዓመቱ ሌሎች ቆጣሪዎች መጥተው ከኋላ ያሉትን ሲያወርዱ ካርቶኑ ባዶ ነው። ጉድለቱ ማን ላይ ወደቀ? ቁልፉን ከተረከበች ሰባት ወር ያልሞላት ስቶር ኪፐር ላይ። የዕቃ ገቢ ደረሰኙን ሞዴል 19 ከወጪው ደረሰኝ ከሞዴል 22 ጋር አንድ በአንድ ፋይል የምታደርግ ልጅ ነበረች። ዕቃውን የተረከበችው እኔ የፈረምኩበትን ዝርዝር አምና ነው። ከደመወዟ ተቆረጠ፤ ቆይታ ሥራውን ለቀቀች። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «አንተማ ምን ታደርግ» አለችኝ። ምን ላደርግ እችል እንደነበር እኔ አውቀዋለሁ። ከኋላ አንድ ካርቶን ማውረድ እችል ነበር።

ስለዚህ ከኦዲት ምን እንደምትጠብቁ በደንብ ይግባችሁ። መርማሪ እያንዳንዱን ደረሰኝ አያይም፤ ናሙና ነው የሚወስደው። ባንክ ውስጥ ያላችሁን ገንዘብ በእናንተ ቃል ብቻ አይቀበልም፤ ለባንኩ ጽፎ ያረጋግጣል። ሌብነትን መከላከል ግን የእናንተ የኃላፊዎቹና የቦርዱ ሥራ ነው። እኛ ስለመጣን ከትከሻችሁ አይወርድም። ሂሳቡን የያዘልን ሰው እግረ መንገዱን ኦዲት ያድርግልን ማለትም አይሆንም፤ ራሱ የጻፈውን ፈተና ራሱ ሊያርም ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 የወጣው በ2006 ነው፤ ሙያውን የሚቆጣጠር ቦርድም አለ። አልሰማንም ማለት አይቻልም።

ከሪፖርቱ ጋር ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይመጣል። ማኔጅመንት ሌተር እንለዋለን። እዚህ ጋ ቀዳዳ አለ፣ ካዝናውን ለብቻው የሚከፍት ሰው አለ፣ የእናንተን መዝገብ ከባንኩ ጋር የሚያመሳክረው የባንክ ማስታረቂያ አምስት ወር አልተሠራም የሚለው እዚያ ላይ ነው። ከከፈላችሁበት ነገር ሁሉ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። እናንተ ሪፖርቱን ለባንክ ታስገባላችሁ፣ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ። በዓመቱ ስመለስ ያንኑ ነጥብ ቀኑን ብቻ ለውጬ እጽፈዋለሁ።

ስለ ስትራቴጂክ ዕቅድ ብዙ አልልም። የአሠራር ማሻሻያ ተብሎ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፤ የሠሩበት ተጠቅመዋል። የአምስት ዓመት ዕቅድ በአሥር ቀን ጻፍልን ለምትሉኝ ግን መልሴ እምቢ ነው። ከየግቡ ጎን ማን ይሠራዋል፣ በየትኛው ብር የሚል ከሌለበት ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ እናንተም ስሙ። እኔ ዘንድ «አልፈርምም» የተባለ ሰው በሳምንቱ ፊርማ ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። በግማሽ ዋጋ የፈረመለት ከመካከላችን ነው። ያ ፊርማ ነገ የማንን ደመወዝ እንደሚያስቆርጥ አስቡ።

አሁን መሳቢያችሁን ክፈቱ። አምና የተጻፈላችሁን ደብዳቤ አውጡ። ቦርዱ ይሰብሰብና አንድ ነጥብ ይነበብ፤ አንድ ብቻ። ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክለው ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። ስትጠሩኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ያንን ቃለ ጉባኤ ነው። ከዚያ ስቶር እገባለሁ፤ ከኋላ ያሉትን ካርቶኖች የሚያወርድ ሰው አዘጋጁልኝ።