ማስተካከያ፦ ስታቲንና የካንሰር ሞት

ስታቲን ስለሚባሉት የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒቶች ባወጣነው ጽሑፍ «ስታቲን የካንሰር ሞትን በ15 በመቶ ይቀንሳል» ማለታችን ስህተት ነበር። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ2012 ከታተመ የዴንማርክ የሕሙማን መዝገብ ጥናት የተወሰደ ሲሆን፣ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም። መድኃኒቱን አዘውትረው የሚወስዱ ሰዎች በሌላውም ጤናቸውን የሚከታተሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልዩነቱ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። በዚያው ዓመት የታተመው፣ 175,000 ያህል ሰዎች በተለያዩ የሕክምና ቡድኖች በዕጣ የተመደቡባቸው የ27 ሙከራዎች ትንተና ግን በ5 ዓመት ገደማ ክትትል ስታቲን ካንሰርን ሲቀንስም ሲጨምርም አላገኘም።

ስታቲን በቤተ ሙከራ የካንሰር ሴሎችን መግታቱ እውነት ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚጨመረው መጠን በ40 ሚሊግራም እንክብል ደም ውስጥ ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል። ለልብ የታዘዘላችሁ በዚህ ማስተካከያ ምክንያት አታቋርጡ።