ሺህ ዓመት ዝናብ ቻለ የተባለው ድንጋይ

ሰሞኑን የአየርላንድን ጥንታዊ የድንጋይ መስቀሎች በተመለከተ በተነሣ ክርክር፣ አንድ አስጎብኚ «ሺህ ዓመት ዝናብ የቻለን መስቀል ዛሬ ጣሪያ ሥር ማስገባት በሕይወት ያለን ሰው እንደመቅበር ነው» ሲሉ ሰማሁ። ያበሸቀኝ «የቻለ» የሚለው ቃል ነው።

ለመሆኑ የቻለው የትኛው ክፍሉ ነው? በሻነን ወንዝ ዳር፣ በክሎንማክኖይዝ ገዳም እ.ኤ.አ. በ900 አካባቢ የተተከለውና አራት ሜትር ገደማ የሚረዝመው የቅዱሳት መጻሕፍት መስቀል፣ ለንጉሥ ፍላንና መስቀሉን ላሠራው ለኮልማን ጸልዩ የሚል ጽሑፍ በግርጌው ተቀርጾበታል። ዛሬ ፊደላቱ ከመፋቃቸው የተነሣ ሊቃውንቱ ከፊሉን በዓይን፣ ከፊሉን በግምት ያነቡታል። መስቀሉ የተሠራበት የአሸዋ ድንጋይ ውኃ ይጠጣል፤ የጠጣው ውኃ በብርድ ወራት በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ገጹን ቅንጣት በቅንጣት ይፈለቅቀዋል። አስጎብኚው ጽናት ብለው የሚያደንቁት እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው።

የእኛ ብራናዎችም ሲያበቁ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» ብለው ለጻፈውና ላጻፈው ምሕረት ይለምናሉ። ብራናውን ዝናብ ላይ አሳድሮ «ይህን ያህል ዘመን ኖሯል፣ ምን ይሆናል» የሚል ገበዝ ቢገኝ በማግስቱ ከሹመቱ በተነሣ ነበር። ኮልማንም የለመነው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ በድንጋይ መጻፉ ብቻ ነው። ልመናው እስኪጠፋ ድረስ ደጅ ማቆምን «ቅርስን በቦታው ማክበር» ብሎ መጥራት ስንፍናን ካባ ማልበስ ነው።

ቅጂ ማቆም ጎብኚን ማታለል ነው የሚሉም አሉ። በክሎንማክኖይዝ ዋናዎቹ መስቀሎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጎብኚዎች ማዕከል ገብተው በቦታቸው ቅጂ ቆሟል፤ ዋናውን ማየት የፈለገ ጥቂት እርምጃ ይራመዳል። ማን ተታለለ? የማለዳ ፀሐይ በቅርጹ ላይ የምትጥለውን ጥላ የቤት መብራት እንደማይተካው አልክድም፤ ቅርጹ ሲጠፋ ግን ጥላውም አብሮት ይጠፋል። በኬልስ ከተማ መንገድ ዳር የቆመው የገበያ መስቀል መጠለያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ተሽከርካሪ ከገጨው በኋላ ነው። ለሌሎቹም አደጋ እስኪደርስ ይጠበቅ?

በጥንታዊው የሞናስተርቦይስ ገዳም ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝመው የሙሬዳክ መስቀል ዛሬም ደጅ ነው። መስቀሉን ላሠራው ለሙሬዳክ ጸልዩ የሚለው ጽሑፉ ገና ይነበባል፤ በግርጌው የተቀረጹት ሁለት ድመቶችም እንደተጋደሙ ናቸው። አስጎብኚው እንግዶቻቸውን ወደዚያ ይዘው ሲሄዱ ጃንጥላ የሚዘረጉ ይመስለኛል።