10 ለ9 እና 4 ለ2

በየዓመቱ ጥቅምት 3 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 13፣ በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ ኦክላንድ በሚባለው ሰፈር፣ ሐረግ በወረሰው አሮጌ የጡብ ግንብ ሥር ሰዎች ተጣጣፊ ወንበር ይዘው ይሰበሰባሉ። ግንቡ ከፈረሰው ፎርብስ ፊልድ ስታዲየም የተረፈ ነው። የሚሰበሰቡትም በ1960 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ የተላለፈውን የቤዝቦል ጨዋታ ከቅጂ ለማዳመጥ ነው። ፒትስበርግ ፓይሬትስ ኒውዮርክ ያንኪስን 10 ለ9 ማሸነፉን የማያውቅ በመካከላቸው የለም፤ ሆኖም ቅጂውን የሚከፍቱት የመጨረሻው ምት ያኔ በተመታበት ደቂቃ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ36፣ እንዲሰማ አስልተው ነው።

ጨዋታው አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ የሚወስደው የአሜሪካ ቤዝቦል ዋንጫ፣ የ«ወርልድ ሲሪስ»፣ ሰባተኛና የመጨረሻ ግጥሚያ ነበር። ያንኪስ ሦስቱን ጨዋታዎች 16 ለ3፣ 10 ለ0 እና 12 ለ0 አሸንፎ፣ በሰባቱ ጨዋታዎች ድምር 55 ነጥብ አስቆጥሮ፣ 27 ብቻ ባስቆጠረ ቡድን ዋንጫውን ተነጠቀ። በመጨረሻው ዙር 9 ለ9 እኩል ሆነው ሳለ፣ ከዱላው ይልቅ በመከላከል ችሎታው ይታወቅ የነበረው የፓይሬትሱ ቢል ማዘሮስኪ፣ የያንኪሱ ወርዋሪ ራልፍ ቴሪ የወረወረለትን ሁለተኛ ኳስ በግራ በኩል ከግንቡ በላይ አሻገረው፤ አሸናፊዋ አሥረኛ ነጥብ ይህች ናት።

እዚያ በሄድኩበት ዓመት አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ስምንተኛው ዙር ላይ የፓይሬትሱ ሃል ስሚዝ ሊመታ ሲቃረብ ማኘካቸውን አቁመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሬዲዮው ተናጋሪ በመጨረሻ የወርዋሪውን ስም ሲያሳስት ደግሞ፣ እንደ ጸሎት ተቀባይ ቀስ ብለው «ቴሪ» አሉ። ስህተቱ ሳይቀር በቃላቸው ተይዟል።

እኔም ወዲያው የራሳችን ውጤት ትዝ አለኝ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ኢትዮጵያ በያኔው ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆና፣ በተጨማሪው ሰዓት ነው ያሸነፈችው። ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል ወንድሙ ኢታሎም ጎል አግብቶ አብሮት ነበር። ይህ ከማዘሮስኪ ምት በምንም አያንስም፤ እንዲያውም ለእኔ ይበልጣል፣ የአንድ ከተማ ሳይሆን የአገር ነውና።

እነርሱ ስታዲየማቸው ፈርሶ በተረፈው ግንብ ሥር ይሰበሰባሉ። የእኛ በቦታው ቆሟል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ጥር 13 ቀን ስለዚያ ጨዋታ ሲል ከደጃፉ የቆመ ሰው አላየሁም። ድሉን ረስተነዋል ለማለት አልደፍርም፤ ቡና ላይ ብሔራዊ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ይነሣል። የምናነሣው ግን ዋንጫውን እንጂ ጨዋታውን አይደለም። ግርማ ተክሌ አንደኛውን አቻ ካገባ በኋላ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳንደሰት ግብፆች እንደገና መምራታቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ፒትስበርግ ውስጥ ይህን የመሰለ ነገር የአሥር ዓመት ልጅ ይነግርሃል፣ አያቱ ግንቡ ሥር አጠገቡ ተቀምጠው አስረድተውታልና።

የዚያን ዕለት ማታ አዲስ አበባ ላለው አጎቴ ደወልኩ። በ15 ዓመቱ ስታዲየም ገብቶ ጨዋታውን አይቷል። ስልኩን መቅጃ ላይ አድርጌ «ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣ በዚያ ቀን ስለለበሰው ኮት ጀመረ፤ ከዚያ ስለ ሰልፉ፣ ከዚያ ስለ መጀመሪያው የግብፅ ጎል። መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገባ እስኪል ድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን፤ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ፣ እኔም መቅጃውን አላጠፋሁትም።