ለሞተሩ ጌጥ ሞልቷል፣ ለነጂው ግን ምንም የለም

ሀዋሳ ላይ ለሞተር ጌጥ ፈልጎ የሚቸገር ሰው የለም። ከመናኸሪያ ተነስታችሁ እስከ አሮጌው ገበያ ብትዞሩ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አለ። ስቲከር አለ። የወንበር ልብስ በየቀለሙ አለ። ጆሮ የሚበጥስ ጡሩምባ አለ። እስቲ ስትወድቁ አጥንታችሁን የሚያተርፍ ነገር ጠይቁ። ባለሱቁ ቀና ብሎ ያያችሁና "ምን ያደርግልሃል?" ይላችኋል።

ይሄ "ምን ያደርግልሃል" የሚሉት ነገር አንጀቴን አሳርሮታል። ዛሬ ልተንፍሰው።

የምነዳው ክሮስ ሞተር ነው፤ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም የሚችል። ሥራ ፋታ ሲሰጠኝ ረጅም መንገድ እወጣለሁ። አንዳንዴ በዲላ አድርጌ ወደ ያቤሎ፣ አንዳንዴ ደግሞ በሻሸመኔና በዶዶላ ወደ ጎባ። ባሌን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሀዋሳ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ከጎባ በላይ ያለው የሰነቴ አምባ ላይ ስትደርሱ 4,000ን አልፋችኋል፤ እዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው። ሐይቁ ዳር በቲሸርት ሲዝናና የከረመ ሰው እዚያ ላይ ጣቱ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። ካርቡሬተር ያለው ሞተርም አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጅ ይበዛበትና ጉልበቱ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ሀረና ጫካ ቁልቁል ጠጠር ነው። ይሄን ሁሉ ምን ለብሼ ልንዳው? በጂንስ ሱሪና በስኒከር?

ከሄልሜቱ ልጀምር። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በቅርቡ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ትሁት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ሙሉ ፊት የሚሸፍን፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሄልሜት ከላይ አወረደልኝ። ከኋላው "ዶት" የሚል ተለጥፎበታል። ውስጡን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ከጨርቁ ሥር ስስ ስፖንጅ አለች። ከስፖንጇ ሥር ጣቴ ቀጥ ብሎ ፕላስቲኩን ነካ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። የአገጭ ማሰሪያውን ሳብ ሳደርገው የተያዘበት ብረት ተወዛወዘ።

"ወንድሜ፣ ፎሙ የታለ?" አልኩት።

"ቀለል እንዲል ነው እንጂ! ሰው ከባድ አይወድም። ደግሞ ዶት ይላል እኮ።"

ሰውየው እየዋሸ አይደለም። የሸጡለትም እንደዚሁ ብለውት ነው። እኔን የሚያበግነኝም ይሄው ነው። ከአስመጪው እስከ ገዢው ድረስ ውስጡን የነካው ሰው የለም።

የሄልሜት ዋና ሥራው ያ ጠንካራ ነጭ ፎም ነው። ጭንቅላት ሲመታ ፎሙ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ወደ አንጎል ሊሄድ የነበረውን ጉልበት ይበላዋል። የውጪው ቅርፊት ሹል ነገር እንዳያልፍና ምቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ ነው የሚያግዘው። ፎም ከሌለው ባልዲ ደፍቶ ከመንዳት አይለይም። ፎሙ አንዴ ከተጨመቀ ደግሞ ተመልሶ አይነፋም። ስለዚህ አደጋ ያየ ሄልሜት ከውጪ ምንም ባይሆንም አገልግሎቱ አብቅቷል። እኛ ጋ ግን ያው ሄልሜት ተወልውሎ ይሸጣል።

"ዶት" የአሜሪካ ደረጃ ነው። እሱን የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው፤ ገበያ ከመውጣቱ በፊት መንግሥት ፈትሾ ፈቃድ አይሰጥበትም። ለአጭበርባሪ ተለጣፊ ማተም ምን ይከብደዋል? የአውሮፓው ደረጃ ኢሲኢ፣ የቀድሞው 22.05 የአሁኑ ደግሞ 22.06፣ አስቀድሞ ላብራቶሪ ገብቶ ነው የሚጸድቀው። ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ትንሽ ጨርቅ ፈልጉ። ክብ ውስጥ የላቲኑ "ኢ" ፊደል አለች፣ አጠገቧም ያጸደቀው አገር ቁጥር፤ 1 ጀርመን ነው፣ 3 ጣሊያን። እሱም ቢሆን በሐሰት ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ አውራ ጣታችሁን እመኑ፤ ጨርቁን ገለጥ አድርጋችሁ ፎሙን ንኩት።

ሄልሜት የሞት አደጋን 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲናገር ኖሯል። ያ ቁጥር የተገኘው ግን በእውነተኛ ሄልሜት ነው። የእኛ ሰው የቅጣት ማምለጫ ገዝቶ ጭንቅላቱ ላይ ያደርግና የተጠበቀ ይመስለዋል። ይሄ ጭንቅላቱን ጭራሽ ካልሸፈነው ሰው በላይ ያሳዝነኛል። ገንዘቡን አውጥቷል እኮ! መጠበቅ ፈልጎ ነው የከፈለው!

ወደ ልብሱ ልሂድ። የሞተር ጃኬት ስትሉ የፋሽን ጃኬት ያወጡላችኋል። አስፋልት ላይ ስትንሸራተቱ ስፌቱ መጀመሪያ ይተረተራል። ትከሻና ክርን ላይ ምት የሚቀበል ነገር የለውም። ትክክለኛው መከላከያ ኢኤን 1621-1 የሚባል ደረጃ አለው። በሙከራ ሲመታ ወደ ሰውነት የሚያሳልፈው ኃይል በአማካይ ለደረጃ 1 ከ35 ኪሎ ኒውተን፣ ለደረጃ 2 ከ20 ኪሎ ኒውተን መብለጥ የለበትም። ይሄን ጠይቄ የገባው ባለሱቅ አላጋጠመኝም። የጉልበት መከላከያ ስል የልጆች የስኬቲንግ አወጡልኝ። ጓንት ስል የብርድ ጓንት። ቦት ስል የግንባታ ሴፍቲ ጫማ። ሴፍቲ ጫማ የእግር ጣት ያድናል፣ አመሰግናለሁ። ሞተር ሲወድቅ ግን የሚጠመዘዘው ቁርጭምጭሚት ነው፤ የሚቀጠቀጠው ቅልጥም ነው። እነሱ ሁለቱም ራቁታቸውን ናቸው።

ከውጭ አስመጣ ትሉኛላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላሩ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ድሮም የማይቀመስ ነበር፤ አሁን ዋጋውን ስሰማ ስልኩን እዘጋለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ ደግሞ ለእናቱ መድኃኒት፣ ለእህቱ ልጅ ወተት ይዞ ነው የሚመጣው። እሱን ሰው "ቦት ጫማ ያዝልኝ" ማለት ይከብዳል። አንድ ጥንድ ቦት ግማሽ ሻንጣ ይወስዳል።

አሁን ደግሞ ለሞተሩ የሆነውን ስሙ። የካርተር መከላከያ ፈለግሁ፤ ካርተር ዘይት የያዘው የሞተሩ ሆድ ነው። ኮረኮንች ላይ ከፊት ጎማ የሚፈናጠር ድንጋይ ካርተር ከበሳ ዘይቱ ይፈስሳል፣ ሳታውቁት ጥቂት ከነዳችሁ ሞተሩ ይነክሳል፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ ይቆማል። አንድ አንጋፋ በያጅ ጋ ሄድኩ። ሦስት ሚሊ ላሜራ ይዞ "ፍሬሙ ላይ ልበይድልህ ልጄ፣ የሚጸናው እሱ ነው" አለኝ።

"ጋሼ፣ ፍሬሙ በእሳት ይደክማል፣ በቡሎን ይሁንልኝ" አልኩ።

ትንሽ አሰበና ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ሆድ አየ። ከዚያ ላሜራውን አጠፈ፣ ለዘይት ማፍሰሻው ቀዳዳ ተወለት፣ በካርተሩና በብረቱ መካከል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አስቀረ፣ ከፍሬሙ ጋር በሚነካካበት ቦታ ከአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ ቆርጦ አስገባ። ማቀፊያዎቹን የበየዳቸው ከሞተሩ ላይ አውርዶ ነው። ከአሉሚኒየም ይከብዳል፤ ግን እጁ ይባረክ፣ ጥርት ያለ ሥራ ነው። ሸራ ሰፊው ደግሞ የጎን ቦርሳ ሰፋልኝ። ከባዱን ዕቃ ወደ ታችና ወደ ፊት፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ቀላሉን ብቻ፤ አለበለዚያ የፊት ጎማ ይቀልና መሪው ይወዛወዛል።

እንግዲህ ብረቱ ተጠበቀ። ብረት መለዋወጫ አለው፣ በያጅ አለው። የእኔ ጉልበትስ? ጉልበት የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ይሄ የጉዞ ወዳዶች ቅብጠት ነው የሚል ሰው ከከተማ ወጣ ብሎ ይይ። በየገጠር መንገዱ ያማሃ ዲቲ 125 ወይም ኤጂ 100 እየነዱ የሚዞሩ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች አሉ። ክትባት ይዘው፣ ዘር ይዘው፣ ክረምት ከበጋ ጭቃ ውስጥ። በነጠላ ጫማ የሚነዱ አይቻለሁ። ሄልሜቱን መሪው ላይ ያንጠለጠሉ አይቻለሁ፤ ማሰሪያው ተበጥሶ ነው። እነዚህ ሰዎች ለጀብድ አይደለም የወጡት። እነሱም ሀዋሳ መጥተው ያንኑ ሱቅ ነው የሚገቡት፣ ያንኑ ስስ ስፖንጅ ነው የሚገዙት።

ጓንትና የጀርባ መከላከያ አድርጌ ሲያዩኝ "ጦርነት ልትሄድ ነው?" የሚሉኝ አሉ። የሚወዱኝ ደግሞ "እግዜር ይጠብቅህ" ይላሉ። አሜን፣ ከልቤ። ግን ወገኖቼ፣ ጸሎት እያለን ፎም ያለው ሄልሜት ቢኖረንስ ምን አለበት?

አስመጪዎች፣ ይሄን ካነበባችሁ፣ ስቲከር በካርቶን የምታመጡበት ኮንቴነር ውስጥ አንድ ካርቶን እውነተኛ ጓንት ጨምሩ። ገዢ የለም አትበሉ፤ ሳታመጡት እንዴት አወቃችሁ? ዕቃ ሲገባ የሚቆጣጠረውም አካል ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ሄልሜት በመጋዝ ሰንጥቆ ውስጡን ይይ። ላብራቶሪ እስኪገነባ መጋዝ ይበቃል። ፎም ከሌለው ይመለስ።

ባለሱቆችም ብትሆኑ ለሚቀጥለው ገዢ ውስጡን ገልጣችሁ አሳዩት። ከሌለው የለውም በሉት።

ሀዋሳ ወይም ሻሸመኔ ውስጥ ቅልጥም ድረስ የሚደርስ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠንካራ የሆነ የሞተር ቦት ያየ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ፎቶ ይላክልኝ፣ በተለይ የሶሉንና የቁርጭምጭሚቱን። አሮጌም ይሁን፣ ችግር የለም። ቁጥሬ 43 ነው።