ጋዝ እያለን የምናድርበት ወረፋ

የምኖረው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ነው። እዚህ አካባቢ በተፈጥሮ ጋዝ (ሚቴን ይሉታል) የሚሄድ መኪና ብርቅ አይደለም። ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ በጋዝ ነው የሚነዱት። የከተማው አውቶቡሶች ብዙዎቹ በጋዝ ይሄዳሉ። እኔም አሮጌዋን የቤንዚን ፊያቴን ካስቀየርኳት ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ባለፈው አዲስ አበባ ስገባ የአጎቴ ልጅ «ጋሼ፣ እኔም መኪናዬን በጋዝ ላስደርጋት ነው» ሲለኝ ከልቤ ደስ አለኝ። ደስታዬ ጋራዡ ስንደርስ አበቃ።

በልጁ አልፈርድም። ቪትዝ ይዞ ራይድ ይሠራል። ቤንዚን ለመቅዳት ማታ ተሰልፎ መኪናው ውስጥ ያድራል። ተራው ሊደርስ ሲል «አልቋል» ይባላል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ያው ቤንዚን በሃይላንድ ይሸጣል፣ ያውም በእጥፍ። መደበኛው ዋጋ ራሱ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በሊትር ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ እየኖረ ያለ ሰው ጋዝ አለ ሲባል ቢሮጥ ምን ይገርማል?

የገረመኝ ጋራዡ ነው። መካኒኩ የኋላውን ከፍቶ አንድ የጨረሰውን መኪና አሳየን። ሁለት የቡታጋዝ ሲሊንደሮች አሉበት። ወጥ ቤት ወጥ የምንሠራባቸው ናቸው። በሽቦ ታስረዋል። ከእነሱ የወጣ የጎማ ቱቦ በመኪናው ወለል ሾልኮ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። የተሳፋሪ ሻንጣ የሚቀመጠው እዚያው አጠገባቸው ነው።

«ሊብሬው ላይ ይጻፋል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኧረ ጋሼ፣ ቦሎ ሲደርስ እናወልቀዋለን። ሲያልፍ መልሰን እንገጥመዋለን።»

ይህ መልስ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰውየው ሌባ አይደለም። ጎበዝ ባለሙያ ነው፣ እጁ ላይ ያለውን ዕቃ ተጠቅሞ ሰው የለመነውን ሠራ። ግን ምርመራው የሚያስፈልገው ለዚያ ሲሊንደር ሆኖ ሳለ፣ በምርመራው ቀን ሲሊንደሩ ቤት ይውላል። የኋላ ወንበር ላይ ልጇን ይዛ የምትሳፈረው እናት ከጀርባዋ ምን እንዳለ አታውቅም።

እዚህ የእኔ መኪና እንዴት እንደተቀየረ ልንገራችሁ። ሥራው ፈቃድ ባለው ጋራዥ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የሞተሩን ጤንነት አዩ። ዘይት የሚበላና የደከመ ሞተር ቢሆን ኖሮ አንገጥምም ነበር አሉኝ። ከዚያ ወፍራም የብረት ሲሊንደር ከኋላ፣ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን ታሰረ። ጋዙ እዚያ ውስጥ የሚታመቀው በ200 ባር ግፊት ነው። የመኪናችን ጎማ 2 ባር ተኩል እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ልዩነቱን አስቡት። ከሲሊንደሩ የብረት ቧንቧ ወጥቶ ወደ ግፊት መቀነሻው ይገባል። መቀነሻው ያንን ኃይለኛ ግፊት ወደ ጥቂት ባር ያወርደዋል። ጋዝ ግፊቱ ድንገት ሲወርድ በጣም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ መቀነሻው በረዶ እንዳይሠራ የራዲያተሩ ሙቅ ውኃ በውስጡ ያልፋል። መኪናዬ ጠዋት በቤንዚን የምትነሳው ለዚህ ነው። ውኃው ሲሞቅ ራሷ ወደ ጋዝ ትዞራለች። ጋዙ ሲያልቅ ወደ ቤንዚን ትመለሳለች። የቤንዚኑ ታንከር አይነሳም።

ወጪው ወደ 2 ሺህ ዩሮ ገደማ ነው። ለእኔ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ደግሞም ከፍዬ ስጨርስ ወዲያው መንዳት አልቻልኩም። የትራንስፖርት ቢሮው መርማሪ አይቶ፣ ሊብሬው ላይ ይህቺ መኪና በቤንዚንና በሚቴን የምትሄድ ናት ተብሎ መጻፍ ነበረበት። ሲሊንደሩ የራሱ ቁጥር አለው። የሚፈተሽበት ቀን አለው። እንደ ዓይነቱ በየ4 ወይም በየ5 ዓመቱ ወልቆ ይፈተሻል፣ ካላለፈ ይጣላል። የፍተሻውን ወጪ የሚችለው ጋዝ ሲሸጥ ከሚቆረጥ ገንዘብ የተቋቋመ ፈንድ ነው፤ እኔ የማወለቂያና የመግጠሚያውን እከፍላለሁ። ይህ ነገር በጣም ነው የማረከኝ። ሰው ገንዘብ ስለሌለኝ አላስፈተሽም እንዳይል አስቀድሞ ታስቦበታል።

ቡታጋዝ በመኪና አይሠራም እያልኩ አይደለም። እዚህም በቡታጋዝ ዘመድ የሚሄዱ መኪኖች ሞልተዋል። ግን ሲሊንደሩ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ነው። ሲቀዳ ሰማንያ በመቶ ላይ ራሱ ይዘጋል፣ ምክንያቱም ውስጡ ፈሳሽ ሆኖ የተቀመጠው ጋዝ ሲሞቅ ያብጣል። ሲፈስም ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይተኛል፣ ጉድጓድና ምድር ቤት ውስጥ ይጠራቀማል። ሚቴን ከአየር ይቀልላል፣ ሽቅብ ወጥቶ ይበተናል። ሁለቱም ጋዝ ይባሉ እንጂ ጠባያቸው አይገናኝም። አሁን የምፈራው ነገ የተፈጥሮ ጋዝ ከተማ ሲገባ አንዱ ደፋር ሚቴኑን በወጥ ቤቱ ሲሊንደር ልሙላ እንዳይል ነው። ያ ሲሊንደር 200 ባር አይችልም። ይፈነዳል፤ ምናልባት የሚባል ነገር የለውም።

ጣሊያኖቹ ይህን ሁሉ ከየት አመጡት? ታሪኩ ከእኛ ጋር ይነካካል። በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችንን ሲወሩ የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለባቸው። ነዳጅ ዘይት ከማዕቀቡ ውስጥ አልገባም ነበር፤ ይህ ራሱን የቻለ ቁጭት ነው። እነሱ ግን ነገ ሊዘጋብን ይችላል ብለው በአገር ውስጥ ነዳጅ ራሳቸውን ለመቻል ተነሱ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ መኪናና የጭነት መኪና በሚቴን መንዳት ለመዱ። በ1944 እ.ኤ.አ. በፖ ወንዝ ሸለቆ፣ ካቪያጋ ላይ ትልቅ የጋዝ ክምችት ተገኘ። ጦርነቱ እንዳለቀ ኤንሪኮ ማቴይ የሚባለው ሰው የመንግሥቱን የነዳጅ ኩባንያ አጂፕን እንዲዘጋ ተሹሞ ነበር። አልዘጋም አለ። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ቧንቧ ተዘርግቶ ነበር። የአጂፕን ማደያ እኛም አዲስ አበባ ላይ እናውቀዋለን።

የእኛው፣ ኦጋዴን ያለው የካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ አጋማሽ በኛ አቆጣጠር ነው። ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ከዚያ አብዮት መጣ። ሶማሊያ ወረረችን። ሶቪየቶች መጡ፣ ቆፈሩ፣ ሄዱ። በ2006 ዓ.ም. ከቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ጋር ውል ተፈረመ፣ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ። ከሃምሳ ዓመት በላይ! አባቴ ስለ ኦጋዴን ጋዝ በራዲዮ እየሰማ አርጅቶ ሞተ። ጣሊያኖቹ ግን ከጦርነት ፍርስራሽ ተነስተው በአሥር ዓመት ገደማ ሠሩት። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፣ መናደዴንም አልደብቅም።

እዚህ ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው ማለቴ አይደለም። የጋዝ ማደያ እንደ ቤንዚኑ በየመንገዱ የለም። ብዙው ቦታ የሚቀዳልህ ሠራተኛው ነው፣ እሱ ደግሞ ለምሳ ይዘጋል። ከሥራ ወጥቼ ስበር ደርሼ በሩ ተቆልፎ ማግኘት ያበግነኛል፤ ይህን ሁልጊዜ አማርራለሁ። ከሁሉም የባሰው ግን ዋጋው ነው። ስገባበት አንዱ ኪሎ 1 ዩሮ ገደማ ነበር። አንድ ኪሎ የአንድ ሊትር ተኩል ቤንዚን ያህል ያስኬዳል፣ ስለዚህ ለኪሴ ተስማምቶኝ ነበር። በ2021 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ዋጋው ሽቅብ ወጣ። በ2022 ከ2 ዩሮ አልፎ አንዳንድ ቦታ 3 ዩሮ ደረሰ። አንዳንድ ማደያዎች አንሸጥም ብለው ዘጉ። ወራትን በቤንዚን ነዳሁ። ጣሊያን ያን ጊዜ ከሚያስፈልጋት ጋዝ ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን የምትገዛው ከሩሲያ ነበር። የራሷ ጉድጓድ አርጅቷል። የሌላ አገር ሰው ቧንቧውን ሲዘጋ እኔ ቦሎኛ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

እና የራሳችን ጋዝ መኖሩ ለእኔ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። የካሉቡ የመጀመሪያ ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደ ነው። ፈሳሽ የሚሆነው ወደ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ነው። ማደያ ላይ መልሶ ጋዝ አድርጎ አምቆ ለመኪና መስጠት ይቻላል። ተቀምጬ አሰላሁት። አንዱ ሊትር ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሁሉም ወደ 50 ሚሊዮን ኪሎ ይጠጋል። በዓመት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር የምትሠራ ትንሽ መኪና አንድ ሺህ ኪሎ ቢበቃት፣ ለ50 ሺህ መኪና ይሆናል። በአገሪቱ ያለው ተሽከርካሪ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ ለሁሉም አይዳረስም፣ ቅድሚያው ለታክሲና ለአውቶቡስ ነው። የሕንዷ ዴልሂም የጀመረችው እንዲሁ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የከተማው አውቶቡሶች በሙሉ ወደ ጋዝ ይዙሩ ብሎ አዘዘ፣ ባጃጆቹም ዞሩ። የእኛ ባጃጆች የመጡት ከዚያው አገር ነው።

የቤንዚን መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሎ የለ ወይ፣ ኤሌክትሪክ እያለ ጋዝ ምን ይሠራል የሚሉ አሉ። አዲስ ለሚገዛ ሰው እውነት ነው። የአጎቴ ልጅ ግን አዲስ መኪና አይገዛም። ያቺ ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ትሠራለች።

አንድ ነገር ግን ለመካኒኮቻችን ልናገር። ጋዝ ሞተር ውስጥ ሲገባ የአየርን ቦታ ይይዛል፣ አቅም ወደ አሥር በመቶ ይቀንሳል። ቦሎኛ ሜዳ ላይ ስለሆነች አይታወቀኝም። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ቀድሞውኑ ሩብ ያህል ሳስቷል። አራት ሰው ጭና ወደ እንጦጦ የምትወጣ ትንሽ መኪና ላይ ይህ በደንብ ይታወቃል። የሞተሩ ቫልቮችም በደረቁ ጋዝ ቶሎ ሊበሉ ይችላሉ። ስለዚህ ማስተካከያው ለእኛ ከፍታ መሠራት አለበት፣ ከውጭ የመጣውን እንዳለ ገጥሞ መልቀቅ አያዋጣም።

ሌላው የሚፈለገው ነገር ዶላር አይጠይቅም። የሚገጥሙ ጋራዦች ፈቃድ ይሰጣቸው። ያ ጎበዝ መካኒክም ተምሮ ፈቃዱን ይያዝ፣ እጁ ያስፈልገናል። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ቁጥርና የፍተሻ ቀን ሊብሬ ላይ ይጻፍ። ቀኑ ያለፈበትን ማደያው አይሙላ። የቦሎ መርማሪዎችም ከአሁኑ ይሠልጥኑ፤ የኋላውን ከፍተው፣ የሲሊንደሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይተው ሳይጨርሱ ቦሎ እንዳይሰጡ።